ማርታ ኮስተን፤ መርከቦችን በጨለማ ያነጋገረች ሴት

የአገራችን አባቶች ሥራ ለሠሪው፥ እሾህ ላጣሪው ይላሉ። ምሳሌው እውነተኛ ፍርድ ነው፤ ነገር ግን በዓለም ላይ ሥራው በአንዱ እጅ ተሠርቶ ስሙ በሌላው ላይ የተጻፈበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ውድ አንባቢዎች፤ በዚህ ዓመት መጽሔታችን ላይ የሕይወት ታሪኳን ላቀርብላችሁ የመረጥኳት ሴት ከሞተች ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗታል። ስሟ ማርታ ኮስተን፥ አገሯ አሜሪካ ነው። ሥራዋም በጨለማ ባሕር ላይ የሚሄዱ መርከቦች በቀለም ብርሃን እንዲነጋገሩ ማድረግ ነበር። በአገሯ ታሪክ ስሟ የታወቀ ቢሆንም በእኛ ክፍል ውስጥ የሚያውቃት ሰው ፈልጌ አላገኘሁም። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

እኔ ስለ እርሷ ለማወቅ የበቃሁት በአንድ ባዶ ቀለህ ምክንያት ነው። አያቴ በወጣትነታቸው የባሕር ኃይል ባልደረባ ሆነው ምጽዋ ላይ አገልግለዋል። እንደምታውቁት የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል የተመሠረተው በ1955 ሲሆን፥ በ1962 ደግሞ ኢትዮጵያ የተባለችው ትልቅ መርከብ ከአሜሪካ ተገኝታለች። አያቴ በዚህች መርከብ ላይ ከሠሩት አንዱ ናቸው። ከዚያ ዘመን የቀራቸው አንድ ፎቶግራፍና አንድ ባዶ ቀለህ ብቻ ነው። ቀለሁ ከጠመንጃ ጥይት ቀለህ እጅግ የሰፋ ስለሆነ አውራ ጣቴ ገብቶበት ይተርፋል። እኛ ልጆቹ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እርሳስና እስክሪብቶ ስናስቀምጥበት ኖረናል እንጂ ምን እንደ ሆነ ጠይቀን አናውቅም ነበር።

ባለፈው ክረምት አንድ ምሽት መብራት ጠፍቶ ሻማ ለኩሰን ተቀምጠን ሳለ አያቴ ቀለሁን አንሥተው ዓይኔን እንድጨፍንና ጠርዙን በጣቴ እንድዳስስ አዘዙኝ። ዙሪያውን እንደ ሞረድ ሻካራ ነበር። ይህ የተደረገው መርከበኛው በድቅድቅ ጨለማ የያዘው ጥይት የትኛው ቀለም እንደ ሆነ ሳያይ እንዲያውቀው ነው ብለው አስረዱኝ። ያ ቀለህ ሰው የሚገድል ጥይት ሳይሆን ቀይ ብርሃን ወደ ሰማይ የሚልክ የምልክት ጥይት ኖሯል። የሚተኰስበትም መሣሪያ ቬሪ ሽጉጥ ይባል እንደ ነበረ ነገሩኝ። ቬሪ ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ ስጠይቃቸው የፈጠረው የአሜሪካ መኮንን ስም ነው አሉኝ።

የመጽሔቱ አዘጋጆች የታዋቂ ሰው የሕይወት ታሪክ እንድናቀርብ በጠየቁን ጊዜ እኔ ስለዚህ ስለ ኤድዋርድ ቬሪ ለመጻፍ ወስኜ ተነሣሁ። ነገር ግን ማንበብ ስጀምር ከቬሪ በፊት ሌላ ስም፥ ያውም የሴት ስም፥ በተደጋጋሚ አጋጠመኝ። ቬሪ የተወለደው በ1847 ነው። በዚያው ዓመት የማርታ ኮስተን ባል የባሕር ኃይል ሥራውን ትቶ ወጣ። እንግዲህ የቬሪ ታሪክ ከመጀመሩ በፊት የሌሊቱ ምልክት ታሪክ ተጀምሮ ነበር ማለት ነው። ስለዚህ ርእሴን ለወጥሁ።

ማርታ በ1826 ባልቲሞር በምትባል የወደብ ከተማ ተወለደች። የአባቷ ቤተ ሰብ ስም ሀንት ነበር። ገና ልጅ ሳለች ወደ ፊላደልፊያ ተዛወረችና በዚያ አደገች። ወጣትነቷ ሲጀምር ቤንጃሚን ፍራንክሊን ኮስተን ከተባለ ወጣት ጋር ተዋወቀች። ይህ ወጣት ከእኩዮቹ ጋር ከመጫወት ይልቅ ከብልቃጥና ከባሩድ ጋር መዋል የሚወድ፥ ገና በለጋነቱ በፈጠራ ሥራው ስም ያወጣ ሰው ነበር። ማርታ 16 ዓመት ሲሆናት በምሥጢር ተጋቡ። ይህን ስጽፍ እኔ 18 ዓመቴ ስለሆነ ነገሩ አስደንግጦኛል፤ ዘመኑና አገሩ ሌላ እንደ ነበረ ግን መዘንጋት አይገባም።

ቤንጃሚን በዋሽንግተን የአሜሪካ ባሕር ኃይል ያቋቋመው የምርምር ቤት ኃላፊ ሆኖ ተሾመ። በዚያም ሮኬቶችንና የመድፍ ማቀጣጠያ ካፕሱል ሠራ። ከሥራዎቹ መካከል መርከቦች በሌሊት የሚነጋገሩበት የብርሃን ምልክት ዕቅድ ይገኝበት ነበር። ይሁን እንጂ ለፈጠራው በሚገባው ዋጋ ላይ ከባሕር ኃይሉ ጋር ሳይስማማ ቀረና በ1847 ሥራውን ለቀቀ። ከዚያም በቦስተን ከተማ የጋዝ ኩባንያ ፕሬዚዳንት ሆነ። ግን ለብዙ ዓመት በመርዘኛ ኬሚካልና ጋዝ መካከል ሲሠራ የኖረ ሰውነቱ ተጎድቶ ስለ ነበረ በ1848 በወጣትነቱ አረፈ።

ማርታ ያን ጊዜ ገና 21 ዓመቷ ነበር። አራት ልጆች ይዛ ቀረች። ኀዘኑም በዚህ አላበቃም፤ ቀጥሎ በመጡት ሁለት ዓመታት ውስጥ ሁለት ልጆቿንና እናቷን በሞት ተነጠቀች። ገንዘቡም አለቀ። በዚያ ዘመን አንዲት መበለት ልጆቿን ለማሳደግ የምትሠራው ሥራ እጅግ ጥቂት ነበር።

በዚህ ችግር ውስጥ ሳለች የባልዋን ወረቀቶች ማገላበጥ ጀመረች። ከእነርሱም መካከል የሌሊት ምልክቱን ዕቅድ አገኘች። አንባቢ ሆይ፤ ያገኘችው ያለቀለት ሥራ እንዳይመስልህ። ወረቀቱ አሳቡን ይናገራል እንጂ እሳቱ እንዴት እንደሚሠራ በሙሉ አይገልጽም። በባልዋ ዘመን ተሠርተው የነበሩት ናሙናዎች ለሙከራ ወደ ባሕር ተወስደው ነበር፤ የተሰጣት መልስ ግን አሳቡ መልካም ሲሆን ምልክቶቹ የማይረቡ ናቸው የሚል ሆነ። ብዙ ሰው እንዲህ ያለ መልስ ሲሰማ ወረቀቱን አጥፎ ያስቀምጣል። እርሷ ግን አሳቡ መልካም ነው የሚለውን ግማሽ ቃል ይዛ ወደ ሥራ ገባች።

የሥራውን ክብደት ለመረዳት በዚያ ዘመን መርከቦች እንዴት ይነጋገሩ እንደ ነበረ ማወቅ ያስፈልጋል። በቀን ልዩ ልዩ ቀለም ያላቸው ሰንደቆች በምሰሶ ላይ ይሰቀላሉ፤ የሰንደቆቹ ቅደም ተከተል ቁጥር ይሆናል፤ ቁጥሩም በምልክት መጽሐፍ ውስጥ ተፈልጎ ትርጉሙ ይገኛል። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ግን ይህ ሁሉ ከንቱ ነው። ፋኖስ ቢሰቀል ብርሃኑ ከሩቅ አይለይም፥ ማዕበሉም ያወዛውዘዋል። ተራ ርችት ቢተኰስ አንድ ነገር እንዳለ ይታወቃል እንጂ ምን እንደ ሆነ አይታወቅም። አያቴ እንደሚሉት በባሕር ላይ ሌሊት አጠገብህ ያለው ወዳጅህም ጠላትህም አንድ ጥቁር ነገር ነው።

ስለዚህ የሚያስፈልገው ከሩቅ የሚታይ፥ በዝናብ የማይጠፋ፥ አንዱ ከሌላው የማይምታታ ሦስት ዓይነት የቀለም እሳት ነበር። እዚህ ላይ የኬሚስትሪ መምህራችን ያስተማሩንን አስታወስሁ። ስትሮንሽየም ያለበት ጨው ሲነድ ቀይ፥ ባሪየም ያለበት አረንጓዴ፥ መዳብ ያለበት ሰማያዊ ይሰጣል። ነገር ግን ሰማያዊው ከሁሉ አስቸጋሪ ነው፤ እሳቱ እጅግ ሲግል ቀለሙን የሚሰጠው የመዳብ ውሁድ ይፈርሳልና። ማርታ ነጩንና ቀዩን ካገኘች በኋላ ሦስተኛውን ሰማያዊ ለማድረግ ትመኝ ነበር፤ ሦስቱም የአገሯ ሰንደቅ ዓላማ ቀለሞች ናቸውና። ኬሚስቶች ቀጥራ አሠራች፤ አንዳንዱ አልሆነለትም፥ አንዳንዱም ያሠራችውን አበላሸ። እንዲህ ስትል ወደ አሥር ዓመት የሚጠጋ ጊዜ አለፈ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚባለው ለእንዲህ ያለ ሥራ ነው።

በ1858 በአትላንቲክ ውቅያኖስ ሥር የተዘረጋው የመጀመሪያው የቴሌግራፍ ሽቦ አሜሪካንና አውሮፓን ባገናኘ ጊዜ በኒው ዮርክ ከተማ ታላቅ በዓል ሆነ። በበዓሉ የተተኰሰው ርችት ብዛት የከተማውን ማዘጋጃ ቤት ጉልላት እስከ ማቃጠል ደርሶ ነበር። ሽቦው ራሱ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ዝም አለ። ለማርታ ግን ከዚያ በዓል አንድ ነገር ቀረላት። እርሷ ብዙ ዓመት በቤቷ ስትደክምበት የኖረችውን ደማቅ ቀለም እነዚያ ርችት ሠሪዎች በሰማይ ላይ ሲበትኑት አየች። ወዲያውም ለርችት ሠሪዎች ደብዳቤ መጻፍ ጀመረች። ነገር ግን ሴት መሆኗን ቢያውቁ የሚሰሟት ስላልመሰላት ደብዳቤውን በወንድ ስም ጻፈችው። ይህን ባነበብሁ ጊዜ መጽሐፉን አስቀምጬ ትንሽ ተቀመጥሁ።

በመጨረሻ ከአንድ ርችት ሠሪ ጋር ተስማማችና ሰማያዊው ቀርቶ ብርቱ አረንጓዴ ተገኘ። ነጭ፥ ቀይና አረንጓዴ ሦስቱ ፊደላት ሆኑ። ከእነዚህም ከዜሮ እስከ ዘጠኝ ያሉት ቁጥሮች ተሠሩ። እኔ በሒሳብ ደብተሬ ላይ ሞክሬው ነበር። አንድ ቀለም ብቻውን ሲነድ ሦስት ምልክት ይሆናል። ሁለት የተለያዩ ቀለሞች ተከታትለው ሲነዱ ደግሞ ስድስት ይሆናሉ፤ ነጭ ከቀይ ቀድሞ ሲነድና ቀይ ከነጭ ቀድሞ ሲነድ አንድ አይደለምና። በድምሩ ዘጠኝ ነው። ለቀረው ሦስት ቀለም ማከታተል ይበቃል። እንዲህ በትንሽ ነገር ብዙ ማለት ይቻላል። ቁጥሩ ከታየ በኋላ መኮንኑ እንደ ቀኑ ሁሉ የምልክት መጽሐፉን ገልጦ ትርጉሙን ያነባል።

ሚያዝያ 5 ቀን 1859 የአሜሪካ መንግሥት ለዚህ ፈጠራ ቁጥር 23,536 የሆነውን ፓተንት፥ ማለት የፈጣሪነት መብት ማረጋገጫ፥ ሰጠ። አሁን ወደ መጀመሪያው ምሳሌያችን እንመለስ። በዚያ ወረቀት ላይ ፈጣሪ ተብሎ የተጻፈው ከሞተ አሥር ዓመት ያለፈው ባልዋ ነው። ማርታ የተጠቀሰችው የሟቹ ንብረት አስተዳዳሪ ተብላ ብቻ ነው።

ባሕር ኃይሉ በዚሁ ዓመት ምልክቱን በባሕር ላይ ፈትኖ እጅግ መልካም ሆኖ አገኘው። መጀመሪያ 300 ምልክቶች አዘዘ፤ ቀጥሎም የ6,000 ዶላር ግዢ አደረገ። ማርታ በዚህ ሳትወሰን ወደ አውሮፓ ተሻገረችና በእንግሊዝ፥ በፈረንሣይና በሌሎችም አገሮች መብቷን አስመዘገበች። በ1861 የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሲነሣ ግን ወደ አገሯ ተመልሳ መንግሥት የምልክቱን መብት እንዲገዛ ለምክር ቤቱ አመለከተች። የጠየቀችው 40,000 ዶላር ነበር። ምክር ቤቱ በነሐሴ 1861 የፈቀደው 20,000 ዶላር ሆነ።

በጦርነቱ ጊዜ የሰሜኑ መንግሥት የደቡቡን ጠረፍ በሙሉ በመርከብ ከቦ ነበር። ይህ ጠረፍ ከ5,000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ከበባውን ጥሰው ጥጥ የሚያወጡና መሣሪያ የሚያስገቡ ፈጣን መርከቦች የሚመርጡት ጨረቃ የሌለበትን ሌሊት ነው። ጠባቂዎቹ መርከቦች ተበታትነው ስለሚቆሙ አንዱ ያየውን ለሌላው ቶሎ ካልነገረ ሌባው ያመልጣል። እዚህ ላይ የማርታ ቀይ፥ ነጭና አረንጓዴ እሳት ከመድፍ ያላነሰ አገልግሎት ሰጠ። በጥር 1865 ፎርት ፊሸር የተባለው የደቡቡ ታላቅ ምሽግ በባሕርና በየብስ ተከቦ ሲወሰድም መርከቦቹ በዚሁ ምልክት ተነጋግረዋል።

ነገር ግን ጦርነቱ የዕቃ ዋጋ አስወደደ። ማርታ ምልክቶቹን በተስማማችበት ዋጋ ስታቀርብ ለመሥሪያው ከምታወጣው በታች ትሸጥ ጀመር። ከጦርነቱ በኋላ 120,000 ዶላር ይገባኛል ብላ ለብዙ ዓመት ስትከራከር ኖራ የተፈቀደላት ተጨማሪ ካሣ 15,000 ዶላር ብቻ ሆነ። ባልዋ ስለ ዋጋ ተጣልቶ ሥራውን ጥሎ ወጥቶ ነበር፤ እርሷ ግን እየተከራከረች ሥራውን አልጣለችም። በእኔ አስተያየት ከሁለቱ የምትበልጥበት ይህ ነው።

በ1871 ለምልክቱ አዲስ የማሻሻያ ፓተንት ተሰጠ። ቁጥሩ 115,935 ነው። በዚህኛው ወረቀት ላይ ግን ፈጣሪ ተብላ የተጻፈችው ማርታ ኮስተን ራሷ ናት። በመጀመሪያውና በሁለተኛው ወረቀት መካከል 12 ዓመት አለ።

እዚህ ላይ ስለ ሽጉጦቹ ጥቂት መናገር ይገባኛል፤ ጥንታዊ ዕቃ የሚሰበስቡ ሰዎች በብዙ አገር የሚፈልጓቸው እነርሱን ነውና። የማርታ ምልክት በመጀመሪያ በእጅ ተይዞ የሚነድ ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ግን ቶሎ እንዲቀጣጠል የነሐስ ሽጉጥ ተሠራለት። ይህ ሽጉጥ ቃታና መምቻ አለው፥ እውነተኛ አፈሙዝ ግን የለውም። በፊቱ ያለው ምልክቱ የሚሰካበት አጭር ጉድጓድ ነው። መምቻው ትንሿን ካፕሱል ሲመታት ብልጭታው በቀዳዳ አልፎ ምልክቱን ይለኩሰዋል። እሳቱም ወደ ሰማይ አይወረወርም፤ መርከበኛው እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ነዶ እስኪያልቅ ይይዘዋል። ስለዚህ የማያውቅ ሰው ሲያየው አፈሙዙ የተቆረጠ የተበላሸ ሽጉጥ ይመስለዋል። የሚያውቅ ግን የኮስተን ሽጉጥ መሆኑን በዚህ ይለያል።

የቬሪ ሽጉጥ ሌላ ነው። መኮንኑ ቬሪ በ1877 ያወጣው ሽጉጥ ሰፊ አፈሙዝ ያለው፥ ከኋላው ተከፍቶ ጥይት የሚጎርስ ነው። ሲተኰስም ቀይ ወይም አረንጓዴ ኮከብ ወደ ላይ ይወረወራል። እሳቱ ከፍ ስለሚል ከሩቅ ይታያል፤ የመርከበኛውም እጅ ከቃጠሎ ይድናል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዞች በብዛት የተጠቀሙበት፥ በበርሚንግሃም ከተማ ዌብሊና ስኮት የተባለው ፋብሪካ የሠራው ባለ አንድ ኢንች ሽጉጥ የዚሁ ዘር ነው። አፈሙዙ የነሐስ ነው።

እንግዲህ ሰብሳቢው አንድ አሮጌ የምልክት ሽጉጥ ሲያገኝ በመጀመሪያ አፈሙዝ እንዳለውና እንደሌለው ያያል፤ ቀጥሎ የአፉን ስፋት ይለካል፤ ከዚያም ብረቱ ነሐስ መሆኑን ይመረምራል። የባሕር ጨው ብረትን ቶሎ ስለሚበላ ለመርከብ የሚሠሩት ብዙዎቹ የነሐስ ናቸው። በመጨረሻም በአካሉ ላይ የተመታውን ማኅተም ያነባል። ማኅተሙ ሠሪውን፥ ዓመቱንና የየትኛው መንግሥት ንብረት እንደ ነበረ ይናገራል። ለምሳሌ የእንግሊዝ መንግሥት ንብረት የሆነው ሁሉ የቀስት ጫፍ ምልክት አለው። አዋቂዎቹ ነሐሱን በአሸዋና በሎሚ አሽተው ማብረቅ ክልክል ነው ይላሉ፤ ፊደሉ ይጠፋልና፥ ዕድሜውን የሚመሰክረውም ጠይም ገጽ ይገፈፋልና። ያልተተኰሰ አሮጌ ጥይት የተገኘ እንደ ሆነ ደግሞ እጅ ሳይነካው ለሚመለከተው ክፍል ማስታወቅ ይገባል። የምልክት ሽጉጥም ቢሆን ያለ ሕግ ፈቃድ የሚያዝ ዕቃ አይደለም። አያቴ ባዶ ቀለህ ብቻ ይዘው የቀሩት ለዚህ ነው። እኔም የዚያች ቀለህ ጠባቂ እንጂ ሰብሳቢ አይደለሁም።

የማርታ ምልክት ከጦር ይልቅ ነፍስ በማዳን የበለጠ አገልግሏል ብዬ አምናለሁ። በአሜሪካ ጠረፍ የተቋቋሙት የነፍስ አድን ጣቢያዎች ሁሉ በኮስተን ምልክት ይሠሩ ነበር። ጠባቂዎቹ ሌሊት ሌሊት በባሕሩ ዳር በእግራቸው እየሄዱ መርከብ ወደ አለቱ ሲጠጋ ካዩ ቀዩን እሳት ይለኩሱታል። ለመርከቡ ካፒቴን ያ ብርሃን ተመለስ ማለት ነው። መርከቡ አስቀድሞ ተሰብሮ እንደ ሆነ ደግሞ ታይታችኋል፥ እርዳታ ይመጣል ማለት ነው። በ1912 ታይታኒክ በሰጠመች ሌሊት ከነፍስ አድን ጀልባዎቹ በአንዱ ውስጥ የነበረ መኮንን አረንጓዴ እሳት እየለኰሰ ካርፓቲያ የተባለችውን አዳኝ መርከብ መርቷል። ማርታ ያን ጊዜ በሕይወት አልነበረችም፤ እርሷ የደከመችበት አሳብ ግን በዚያች ጀልባ ውስጥ ነበረ።

ማርታ በ1886 የሕይወቷንና የጉዞዋን ታሪክ በመጽሐፍ አሳተመች። ልጇም ሥራውን ተረክቦ ቀጠለ። በ1904 በዋሽንግተን ከተማ አረፈች። በስሟ የተጠራው ኩባንያ እርሷ ከሞተች በኋላ ለብዙ አሥርተ ዓመታት ሲሠራ ቆይቷል። በ2006 ስሟ በአሜሪካ የፈጠራ ሰዎች የክብር መዝገብ ውስጥ ገባ።

ይህን ሁሉ ከጻፍሁ በኋላ አንድ ጥያቄ አልለቅህ አለኝ። ፈጠራው የማን ነው? ባልዋ ባያስበው እርሷ አትጀምረውም ነበር፤ ኬሚስቶችና ርችት ሠሪው ባይኖሩ አረንጓዴው ባልተገኘ ነበር፤ እርሷ ባትኖር ግን ወረቀቱ ወረቀት ሆኖ ይቀር ነበር። ከክፍል ጓደኞቼ ጋር በዚህ ተከራክረን አልተስማማንም። እኔ በመጀመሪያ የ1859ኙ ወረቀት ግፍ ነው ባይ ነበርሁ።

በዚህ አሳብ ላይ ሳለሁ የቤታችንን ታፔላ አየሁ። ከእናንተ ብዙዎቻችሁ የምትለብሱትን ዩኒፎርም የሰፋችው እናቴ መሆኗን ታውቃላችሁ። አባቴ ካረፈ ሰባት ዓመት ሆነው። እርሱ በሞተ ጊዜ እናቴ ቁልፍ ከመትከልና ጠርዝ ከመክፈፍ በቀር ሌላ የስፌት ሥራ አታውቅም ነበር፤ ኮት መቅደድ የተማረችው ሌሊት እኛ ከተኛን በኋላ አሮጌ ኮት እየፈታች ነው። በሱቁ ታፔላ ላይ ግን እስከ ዛሬ የተጻፈው የአባቴ ስም ብቻ ነው። ደንበኞችም በእርሱ ስም ይጠሩታል። እኔም የማርታን ታሪክ ነግሬያት ታፔላው በስሟ እንዲጻፍ አጥብቄ ጠየቅኋት።

እናቴ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል ታፔላውን አባትሽ በገዛ እጁ የቀባው ነውና አይነካም ብላ መለሰችልኝ። ቅር እንዳለኝ ባየች ጊዜ ግን ተነሥታ መሳቢያውን ከፈተችና በጨርቅ የተጠቀለለ ወረቀት አውጥታ ሰጠችኝ። የንግድ ፈቃዱ ነበር። በላዩ የተጻፈው የእርሷ ስም ነው፤ ያውም ከአምስት ዓመት ጀምሮ። እኔ አንድ ቤት ውስጥ እየኖርሁ አላወቅሁም ነበር። ወረቀቱን መልሳ ጠቅልላ አስቀመጠችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ከዚያ ቀን ወዲህ የማርታን ሁለት ወረቀቶች በሌላ ዓይን አያቸዋለሁ። በመጀመሪያው ላይ የባልዋ ስም መጻፉ ሕጉ ያደረገው ቢሆንም፥ እርሷ ራሷ በመጽሐፏ ባልዋን በፍቅርና በአክብሮት ነው ያነሣችው። ሁለተኛውን ግን በራሷ ስም አስጻፈች። የሞተውን ማክበርና የራስን ድካም አለመካድ ሁለቱ አብረው ሊሄዱ እንደሚችሉ የተረዳሁት ከእነዚህ ሁለት ሴቶች ነው።

ስለዚህ ጓደኞቼ ሆይ፤ አንድን ዕቃ ስታዩ በላዩ ያለውን ስም ብቻ አንብባችሁ አትለፉ። ከስሙ በስተኋላ ሌሊት የሠራ፥ ስሙን ለውጦ ደብዳቤ የጻፈ፥ አሥር ዓመት የታገሠ ሰው ሊኖር ይችላል። በተለይም ሴቶች እኅቶቼ፤ የእናንተን ሥራ እንድታውቁት፥ በሚገባውም ቦታ ስማችሁን እንድትጽፉ አሳስባለሁ።

ይህን ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት አንብባ ስለ ቤታችን የተጻፈው እንዲወጣ የፈቀደችልኝን እናቴን፥ ስለ ባሕር ያስተማሩኝን አያቴን፥ እርማት ያደረጉልኝንም የታሪክ መምህራችንን ከልብ አመሰግናለሁ። የጻፍሁበት እስክሪብቶ አሁን ወደ ቀለሁ ተመልሷል።